ቢጫው ኮከብ የማን ነው

ሐምሌ 14 ቀን 2016፣ እሑድ

ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረም። የቅርጫት ኳሱ ጨዋታ ለንደን፣ ጩኸቱ እዚህ ኩሌ፣ የስደተኞች መጠለያው። በእረፍት ደቡብ ሱዳን 58፣ አሜሪካ 42 ሲባል ጭብጨባው ከገበያው ተነስቶ እስከ ስቶሩ ቆርቆሮ ድረስ ተሰማ። መጨረሻው 101 ለ100። 8 ሰከንድ ሲቀር ሌብሮን ጀምስ አስገባ አሉ። ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ልጆች ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበራቸውም።

ዝናብ። ጭቃው ጫማ ይዞ ይቀራል።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ለስፌት ቤታችን ትእዛዝ መጣ። 30 ማሊያ፣ እጅ የሌለው። 3 ቡድን፣ ለእያንዳንዱ 10። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ደረቱ ላይ ቢጫ ኮከብ፣ ከሥሩ የቡድኑ ስም «ብራይት ስታርስ»፣ ከዚያ በታች አምስቱ የኦሎምፒክ ቀለበቶች። ካዘዙት ልጆች ረጅሙ በስልኩ ያለውን ፎቶ አሳየኝ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ኮከቡ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል።

ቀለበቶቹን አንሠራም አልኩ። ለምን ሲሉኝ ትንሽ ተንተባተብኩ። ሐዋሳ ልብስ ፋብሪካ ሳለሁ በስልጠና ላይ የተነገረን ነው፤ በ1974 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የተፈረመ ስምምነት አለ፣ ኢትዮጵያም አለችበት፣ ቀለበቶቹን ያለ ፈቃድ ለንግድ መጠቀም ክልክል ነው። ይህን ሁሉ በአስተርጓሚ። አስተርጓሚው ሲጨርስ አንዱ ሳቀ። ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም።

ስለ ኮከቡ ምንም አላልኩም። ለካ እሱንም መጠየቅ ነበረብኝ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ልኬት። ከሐዋሳ ይዤው የመጣሁት የመጠን ሰንጠረዥ ለአሜሪካ ገዢ የተሠራ ነው። ደረት ሲሰፋ ቁመትም አብሮ ያድጋል ብሎ ያስባል። እነዚህ ልጆች ደረታቸው ሚዲየም፣ ቁመታቸው ከኤክስ ኤክስ ኤልም ያልፋል። ረጅሙን ለመለካት ወንበር ላይ ወጣሁ። ሜትሩን ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ታች ስለቀው ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆመ፣ እንደ ወታደር።

ኤክሴሉ ላይ ከስፋት ሌላ የቁመት ዓምድ ጨመርኩ። 3 ቀለም፣ 4 ስፋት፣ 3 ቁመት። 36 ሳጥን። ለ30 ማሊያ! ብዙው ዜሮ ነው። የሚያስቅ ነው፣ ግን ያለ እሱ ቆራጯ ስንት ጨርቅ ለየትኛው እንደምታነጥፍ አታውቅም።

የሰውነት ሙቀት የሚያህል አየር። የኒሙ ዛፍ ሥር አንድ አባ ኮዳ ቆሞ ነበር። እሱም የቁመት ዓምድ ያስፈልገዋል።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79። ኦሎምፒክ ላይ፣ የመጀመሪያ ጨዋታቸው።

ከጨዋታው በፊት የተሳሳተ መዝሙር ተለቀቀባቸው። የሱዳን። ተቋርጦ ትክክለኛው እስኪመጣ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ አሉ። እዚህ በሬዲዮም በስልክም ሲከታተሉ ከነበሩት እናቶች አንዷ፣ ማሽን 4 ላይ የምትሰፋዋ፣ ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ አለ። የማን መሆንህን ሌላ ሰው ሲሳሳት። እኔ እዚያ ላይ ምን እንደምል አጣሁ። «ማሌ» ብዬ ሰላምታ ብቻ ሰጠኋት፣ ጠዋት ሰላም ብያት የነበረ ቢሆንም።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ትናንት የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በባንክ በአንድ ቀን 74 አለፈ። ጋምቤላ ከተማ ያለው ነጋዴ ጋ ደወልኩ። ፖሊስተሩ ስንት ነው? «ዛሬ ዋጋ አልናገርም፣ ነገ ደውዪ።» ክሩስ? «ነገ።» ዚፕ አልጠየቅኩም፣ ማሊያ ዚፕ የለውም።

ለልጆቹ የነገርኳቸው ዋጋ ባለፈው ሳምንት ጨርቅ የተሰላ ነው። የዋጋ ማስሊያው ላይ አንዲት ሕዋስ ስቀይር ታችኛው ሁሉ ቀላ። ትርፋችን በምሳ ሰዓትና በከሰዓት መካከል ጠፋ።

ስቶር ውስጥ ያለን ሰማያዊ 11 ሜትር ነው ይላል የዕቃ መቆጣጠሪያው፣ ቢን ካርዱ። ስለካው 9 ተኩል። አንድ ሜትር ተኩሉ የት ሄደ? ማንንም አልጠየቅኩም። ስናነጥፍ ጫፍ ጫፉ ላይ የምንተወው ይሆናል፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ። ወይም አይሆንም።

ሐምሌ 26፣ አርብ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝን ፕሮግራም ሞከርኩ። ለልብስ አምራቾች ብቻ የተሠራ ነው፣ 30 ቀን በነጻ። ኔትወርኩ እስኪመጣ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሲከፈት ደስ ይላል። የዲዛይን ቁጥር፣ ቀለም፣ መጠን፣ የጨርቅ ፍጆታ፣ የቆረጣ ትእዛዝ፣ በስፌት ላይ ያለው፣ ያለቀው። ሐዋሳ የለመድኩት ሁሉ። እዚያ ፕሮግራሙ ሲሠራ ምሽት ላይ እያንዳንዱ ሸሚዝ የት መስመር ላይ እንዳለ ይታይ ነበር።

ከዚያ አንድ ሳጥን፦ የምልክት ባለቤት። ከጎኑ ቀይ ኮከብ። ሳልሞላው ልለፍ ብል እምቢ አለ። ቀጥሎ የክፍያ መቶኛ፣ ከተጣራ ሽያጭ። ቀጥሎ ዝቅተኛ ዋስትና፣ ቢሸጥም ባይሸጥም ለባለቤቱ የሚከፈል። ቀጥሎ ናሙናው የጸደቀበት ቀን።

«ሕዝብ» ብዬ ጻፍኩ። ተቀበለው። መቶኛ 0። ተቀበለ። ናሙናውን ያጸደቀው ማን? ኔትወርኩ ጠፋ።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ሰርቢያ 96፣ ደቡብ ሱዳን 85። አለቀ። ሰፈሩ ጸጥ አለ።

ረጅሙ ልጅ መጣ። ስለ ኮከቡ አነሳሁበት። ቡድኑ ባለቤት ያለው ነው፣ ፌዴሬሽን አለው፣ ፕሬዚዳንቱም ሉዎል ዴንግ ነው፣ ስሙንና ዓርማውን ሸጦ ለመሠልጠኛ ሊያውለው ይችላል፣ አገሪቱ ውስጥ ጣሪያ ያለው ሜዳ እንኳ የላትም ብዬ አስረዳሁ። አዳመጠኝ። ከዚያ፦

«ቲቸር፣ ኮከቡ ባንዲራ ላይ ያለው ነው። ባንዲራው የኛ ነው። የኛን ከማን ነው የምንጠይቀው?»

መልስ የለኝም። የባንዲራው ኮከብና የቡድኑ ዓርማ የተለያዩ ናቸው ማለት ይቻላል። በሕግ ትክክል ነው። ፊቱ ላይ ልለው ግን አልቻልኩም። በ2006 ግንቦት ኩሌ ሲከፈት ይህ ልጅ በእናቱ ጀርባ የመጣ ይሆናል፣ ወይም እጇን ይዞ። ያቺን አገር አያውቃትም። ከአገሩ የያዘው ኮከቧን ነው።

ሐዋሳ ሌብል ይቆጠር የነበረው እንደ ብር ነው። በትእዛዙ ልክ ይመጣል፣ የተረፈው ተቆጥሮ ይወገዳል፣ ትርፍ የተሰፋ ሸሚዝ ሌብሉ ተቆርጦ ይወጣል። ያኔ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ደመወዝ ነበር። 2014 ላይ አጎዋ፣ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ መግቢያችን፣ ሲዘጋብን ደመወዙም ቀረ፣ ሌብሉም።

ነሐሴ 3፣ አርብ

ሴቶቹ ተሰብስበው የራሳችን ምልክት ይሁን አሉ። እኔ አይደለሁም ያመጣሁት። ማሽን 4 ከሰል አንስታ ካርቶን ላይ ሣለች። በሬ። አንድ ቀንዱ ወደ ላይ የቆመ፣ ሌላው ወደ ዓይኑ ተጣሞ የወረደ። ቀንዱን ከጥጃነቱ ጀምረው ነው እንዲህ የሚያጣምሙት አለች፣ የሚወደድ በሬ ነው። ሥዕሉ አራት መስመር ብቻ ነው። ከዚያ አልበለጠም፣ ግን በሬ ነው።

ከሥሩ «ኩሌ»። ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉ። ኮከቡስ? በመጨረሻ ኮከቡ ከጀርባ ቁጥሩ በላይ፣ ትንሽ፣ የባንዲራ ኮከብ ሆኖ ይግባ ተባለ። የቡድኑ ስም ቀረ። ቀለበቶቹ ቀሩ። ይህ ይበቃል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

ቆረጣ። ከቁመቱ የተነሳ ፓተርኑ ጨርቁ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል። ሁለት ጊዜ አነጠፍን። ብብቱ ላይ የሚወጣው ግማሽ ጨረቃ ብዙ ነው። ቁርጥራጩን አልጣልንም፣ የበሬው ቀንዶች ከሱ ተቆረጡ። ለበሬው ሌላ ጨርቅ መግዛት ቀረ። የመጀመሪያዋ ትርፍ።

ኦቨርሎኩ መርፌ ሰበረ። ሁለት። መብራት 5 ሰዓት ላይ ሄዶ 9 ሰዓት ላይ መጣ።

ፕሮግራሙን ትቼዋለሁ። ወደ ኤክሴሉ ተመለስኩ። ሁለት ዓምድ ግን ከሱ ወሰድኩ፦ የምልክት ባለቤትና መቶኛ። ባለቤቱ ላይ «የኩሌ ሰፊዎች» ብዬ ሞላሁ። እጄ ትንሽ አመነታ። እነማን ናቸው? 14ቱም? ባለፈው ወር ወደ አገሯ፣ ወደ ናሲር የተመለሰችውስ?

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

ተረከቡ። 30 ማሊያ፣ 1 ተበላሽቶ ተተክቷል። ረጅሙ ለብሶ ወደ ሜዳው ሮጠ፣ እምብርቱ አልታየም። ሁሉም ነገር ለዚህ ነበር።

ሒሳቡ፦ አልከሰርንም። አላተረፍንም ማለትም ይቻላል።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

ጉድ። ጎረቤታችን ቴርኪዲ መጠለያ ያሉ ሰፊዎች በሬውን ሠሩት። ያው አንድ ቀንድ ላይ፣ አንድ ታች። ከሥሩ «ቴርኪዲ»። ገበያ ላይ ተሰቅሎ አይተውታል።

ሴቶቹ ተቆጡ። ማሽን 4 ተነስታ ቆመች፣ መቀስ በእጇ። ሰረቁን! አስተርጓሚ አላስፈለገም። ረጅሙ ልጅም ከኋላ ሆኖ ይጮሃል። የኛ ነው፣ ለምን አልጠየቁንም? እሱ ራሱ። ሐምሌ 28ን ላስታውሰው አሰብኩና ተውኩ።

በሬው የማን ነው ግን? ያንን ቀንድ ማጣመም የቴርኪዲ አባቶችም ያውቁታል። አራቱ መስመሮች ናቸው የማሽን 4። አወራረዱ።

ማስመዝገብ አለ። አዋጅ 501/1998። አዲስ አበባ፣ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። ስደተኛ መሥራት እንዲችል የሚለው አዋጅ 1110/2011 ደግሞ አለ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። መካከላቸው ያለው መንገድ ከኩሌ አዲስ አበባ ከሚወስደው ይረዝማል።

ማታ ቡና ሳፈላ የ1999ኙ የቡና ስም ጉዳይ ትዝ አለኝ። ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ። ከስታርባክስ ጋር ሲፈረም ለስሙ የመጠቀሚያ ክፍያ አልተጠየቀም። የተፈለገው ስሙ የማን መሆኑን አምኖ ፈቃድ መውሰዱ ነበር። ያኔ በነጻ መሆኑ አናድዶኝ ነበር፣ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

መስከረም 4 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ከቴርኪዲ ሁለት ሴቶች መጡ። በእግር። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። ከማሽን 4 ጋር ረጅም ጊዜ አወሩ፣ መጀመሪያ ሳይተያዩ፣ በኋላ እየሳቁ። ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስምምነቱ፦ ይሠሩታል። ግን የሚወርደው ቀንድ በግራ ይሆናል፣ የኛ በቀኝ። ደግሞ ለየ10 ማሊያው አንድ ጥቅል ክር ለኩሌ። ነጭ ክር፣ ትልቁ። አዲሱን ናሙና አምጥተው ማሽን 4 አይታ እሺ እስክትል አይሸጡም። ይህን ማንም አላስተማራቸውም።

ኤክሴሉን ከፈትኩ። መቶኛ የሚለው ዓምድ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። «ክር» አይገባም። ክሩን ወደ ብር ልቀይረው? የክር ዋጋ በየሳምንቱ ይለወጣል። በእርሳስ ቢን ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ክሩ ገና አልመጣም።