ያጠፋሁት ሥዕልና ያገኘሁት ድምፅ

ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለምወደው ፊልም እጽፋለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ስለ ፊልሙ የምለው ብዙ ነበረኝ። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቍጥር ነገሩ ሁሉ ወደ አያቴ እየዞረ አስቸገረኝ። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ፣ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ለመናገር ቈረጥሁ። ጥፋትን መናገር ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ ደብቆ መኖር ከዚያ የበለጠ እንደሚከብድ አይቼዋለሁ።

ፊልሙ «ዶክተር ሁ» ይባላል። የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ሲሆን፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ዋናው ሰው ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ነው። ይህ መንገደኛ፣ ከውጭ ሲያዩዋት አንድ ሰው እንኳ በግድ የምትይዝ በምትመስል፣ ከውስጥ ግን እንደ ከተማችን እንደ አይጠየፍ አዳራሽ በምትሰፋ ሰማያዊ ሣጥን ተቀምጦ፣ ካለፈው ዘመን ወደሚመጣው፣ ከሚመጣው ወዳለፈው ይመላለሳል። ሊሞት በደረሰ ጊዜም መልኩ ተለውጦ እንደ አዲስ ሰው ይነሣል። ይህን ዘዴ ደራሲዎቹ ያገኙት የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው በደከመ ጊዜ ነው፤ ችግር ብልሃትን ይወልዳል ማለት ይህ ነው።

ተከታታዩ ኅዳር 27 ቀን 1982 ዓ.ም. ተቋረጠ። በመካከሉ አንድ ፊልም ብቻ ተሠርቶ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ራስል ቲ. ዴቪስ የተባለ ደራሲ እንደገና አስነሣውና መጋቢት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በክሪስቶፈር ኤክልስተንና በቢሊ ፓይፐር ተዋናይነት መታየት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ግንቦት 8 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአገራችን ምርጫ በተደረገ ማግስት፣ በዲቪዲ ታትመው እንግሊዝ አገር ለገበያ ቀረቡ፤ ዐሥራ ሦስቱም ክፍሎች በአንድ ሣጥን ሆነው የወጡት ደግሞ ኅዳር 12 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለድሁም ነበር።

ያ ሣጥን ወደ እኛ የመጣው በአጎቴ በኩል ነው። አጎቴ ኮምቦልቻ ይኖራል፤ ሎንዶን የሚኖር ወዳጁ ለእረፍት በመጣ ጊዜ ሣጥኑን በስጦታ አምጥቶለት ነበር። አጎቴ ግን አንድም ቀን አላየውም። ምክንያቱም ዲቪዲ የሚያትሙት ሰዎች ዓለምን በስድስት ክፍል ከፋፍለው፣ በአንዱ ክፍል የተሸጠው ዲስክ በሌላው ክፍል በተሸጠ ማጫወቻ እንዳይከፈት ያደርጉታል። እንግሊዝ በሁለተኛው ክፍል፣ አገራችን ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር በአምስተኛው ክፍል ናት። ስለዚህ የአጎቴ ማጫወቻ ዲስኩን ዋጥ ያደርግና አልከፍትም ብሎ መልሶ ይተፋዋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ያን ጊዜ ዕድሜዬ ዐሥራ ሁለት ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጦሳ ተራራ ከጧት እስከ ማታ በጉም ተሸፍኖ፣ እኔም ቤት ውስጥ ተዘግቼ ስሰለች አጎቴ አዘነልኝና ሣጥኑን ሰጠኝ። ፒያሳ አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭን አንድ ወጣት እንዳለ አውቅ ነበርና ወደ እርሱ ሄድሁ። ወጣቱ በኮምፒውተሩ ዲስኮቹን ከፍቶ ዐሥራ ሦስቱንም ክፍሎች ሊገለብጥልኝ ተስማማ። ፍላሼን ሰክቶ ካየ በኋላ ግን «ቦታ የለውም፤ የምታጠፋው ካለ አጥፋና ልጫንልህ» አለኝ።

ፍላሹ የቤታችን ነበር። በውስጡ ጥቂት ፎቶግራፎችና አንድ ትልቅ ቪዲዮ ይገኙ ነበር። ቪዲዮው የአያቴ ነው። በ2011 ዓ.ም. አጎቴ በስልኩ ቀርጿት፣ «የቤተሰብ ነው፤ በደንብ ይቀመጥ» ብሎ ለእናቴ የሰጣት ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ይሆናል። አያቴ ቡና እያፈላች በ1966 ዓ.ም. ስለደረሰው ረሃብ ትናገራለች። ያን ጊዜ እርስዋ ወጣት ነበረች፤ ከአባትዋና ከታናሽ ወንድምዋ ጋር ከወረባቦ ተነሥተው በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ በእግራቸው መጡ። ታናሽ ወንድምዋ ግን ደሴን አላየም፤ በመንገድ ሞተና ቀበሩት። አያቴ በቪዲዮው ላይ የቀበሩበትን ስፍራ ስም ጠርታ ነበር።

ወጣቱ ሲጠብቀኝ እኔ ብዙም አላሰብሁ። «አያቴ ቤት አለች፤ ነገ እንደገና እንቀርጻታለን» ብዬ በልቤ ተናገርሁና በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ያን ሳምንት ዐሥራ ሦስቱንም ክፍሎች ተመለከትሁ። ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ስምንተኛው ክፍል ነው። ሮዝ የምትባለው ልጅ፣ እርስዋ ሕፃን ሳለች በመኪና አደጋ የሞተ አባትዋን ለማየት ወደ ኋላ ዘመን ትመለሳለች። ባየችውም ጊዜ አላስችላት ብሎ ሮጣ ከሞት ታድነዋለች። ነገር ግን የሆነውን እንዳልሆነ በማድረግዋ ዓለም ትቈስላለች፤ ሰዎችም ይጠፋሉ። በመጨረሻ አባትዋ ነገሩ ሲገባው ራሱ ወደ መኪናው ፊት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ አለቀስሁ፤ ነገር ግን ያለቀስሁት ለሮዝ እንጂ ለራሴ አልነበረም።

«ነገ እንቀርጻታለን» ያልሁት ነገ አልመጣም። ትምህርት ተከፈተ፤ ረሳሁት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ቤታችንን ጥለን ወደ አዲስ አበባ ተሰደድን። አያቴ በመንገድ ላይ «በልጅነቴም ተሰደድሁ፤ በእርጅናዬም ደገመኝ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። በታኅሣሥ ስንመለስ የአጎቴ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ አያቴን የቀረጸበት ስልክም ከጠፉት ዕቃዎች አንዱ ነበር። አያቴም ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘችም፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ዐረፈች።

በሰደቃዋ ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ እናቴ ፍላሹን አምጣ አለችኝ። «እማ፣ በስደቱ ጊዜ ተበላሽቷል» አልኋት። አመነችኝ። ማመንዋ ከቍጣ ይልቅ ጐዳኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዶክተር ሁ ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ፤ ካነበብሁትም ውስጥ እንቅልፍ የነሣኝን ነገር አገኘሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1967 እስከ 1978 ድረስ ቢቢሲ ራሱ የቀድሞዎቹን ክፍሎች ይደመስስ ነበር። ቴፑ ውድ በመሆኑ ሌላ ነገር ሊቀዱበት ይፈልጉት ነበር፤ አሮጌ ፊልም ደግሞ ደጋግሞ ለማሳየት ውሉ አይፈቅድም፤ ሰው ፊልም ገዝቶ በቤቱ የሚያይበት ዘመን ይመጣል ብሎም የገመተ አልነበረም። የዶክተር ሁ የመጀመሪያው የቪዲዮ ካሴት ለገበያ የወጣው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከመቶ በላይ የሆኑ ክፍሎች አልነበሩም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ተጽናናሁ፤ እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ካደረጉት እኔ ልጁ ባደርገው ምን ይደንቃል አልሁ። ኋላ ግን ምክንያታቸው የእኔው ምክንያት መሆኑን አስተዋልሁ፤ እነርሱም ቦታ ፈለጉ፣ እነርሱም ነገ ይገኛል ወይም አያስፈልግም አሉ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ፊልሞቹ ቀደም ብለው ተገልብጠው በየአገሩ ተሸጠው ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያዋን በ1957 ዓ.ም. ያቋቋመችው አገራችንም የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች ከገዙት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ወዳጆቹ በየአገሩ መጋዘን መፈለግ ያዙ። አንድ ሙሉ ታሪክ በሆንግ ኮንግ ተገኝቶ በ1984 ዓ.ም. በካሴት ወጣ። ናይጄርያ ውስጥ ጆስ በምትባል ከተማ ደግሞ ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎች መገኘታቸው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲነገር፣ የጐደሉት ከ106 ወደ 97 ወረዱ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ይህ ነው፤ ሥዕላቸው የጠፋው ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው አለ። ፊልሙ ሲታይ የነበሩ ልጆች በየቤታቸው በቴፕ ድምፁን ብቻ ይቀዱ ነበርና። ትልቁ መሥሪያ ቤት የጣለውን ትንንሾቹ ልጆች ጠበቁት።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ «ድምፅዋን የቀዳ ሰው ይኖር ይሆን?» የሚል አሳብ መጣብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወረድሁ። ከደሴ ብርድ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ መግባት ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ልቤ ስለተጨነቀ ሙቀቱንም አላስተዋልሁት። የአጎቴን ቤተሰብ ተራ በተራ ጠየቅሁ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። የአጎቴ ልጅ ግን ጥቂት አስባ ወደ ጓዳ ገባችና አንዲት አሮጌ የቁልፍ ስልክ ይዛ መጣች። «ስልኬ ቪዲዮ ስለማይከፍት፣ አዬ ስትመርቅ ያለውን ለመስማት ድምፁን ብቻ አስቀድቼ ነበር» አለችኝ።

ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርገን ጠበቅን። በመጨረሻ ተከፈተ። ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። በመጀመሪያ የሲኒ ድምፅ፣ ቀጥሎም የአያቴ ድምፅ መጣ። «ከዚያ ተነሥተን ሄድን» ብላ ነው የምትጀምረው። ደሴ ስለ መድረሳቸው፣ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት የማያውቋት ሴት ስላበላቻቸው ቆሎ፣ እኒያም ሴት ክርስቲያን እርስዋ እስላም ሳሉ ኋላ እንደ እናትና ልጅ ስለ መሆናቸው ትናገራለች። በመጨረሻም በረካው ሲቀዳ ሁላችንንም በየስማችን ጠርታ ትመርቃለች። የእኔም ስም አለ።

የወንድምዋ መቃብር ያለበት ስፍራ ስም ግን የለም። «ከዚያ ተነሥተን» ትላለች፤ «ከዚያ» የተባለው ስፍራ የሚገኘው እኔ ባጠፋሁት ክፍል ውስጥ ነው።

የወሎን ረሃብ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳይቶታል፤ ዓለምም የእኛን ችግር ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን የአያቴ ታናሽ ወንድም በዚያ ፊልም ውስጥ የለም። እርሱ የነበረው በአያቴ አንደበት፣ ኋላም በአንድ ፍላሽ ውስጥ ብቻ ነበር።

ማታ ወደ ቤት ተመልሼ እናቴ ቡና ስታፈላ ጠበቅሁና ሁሉን ነገርኋት። ፍላሹ እንዳልተበላሸ፣ እኔ ለፊልም ብዬ እንዳጠፋሁት፣ በሰደቃውም ዕለት እንደዋሸኋት ተናገርሁ። እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ አልተነሣችም። ኋላም «ልጅ ነበርህ፤ ማጥፋትህን ልጅነት ነው እላለሁ። ውሸቱን ግን ትልቅ ሆነህ ነው የዋሸኸው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥላም «በል፣ ድምፅዋን ክፈተው» አለች። ዐሥራ ሰባቱን ደቂቃ ሁለት ጊዜ ሰማነው። የመቃብሩን ስፍራ ስም ታውቂዋለሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት እርስዋም አታውቀውም። አያቴ ለልጆችዋ ሳይቀር ስሙን ጠርታ የተናገረችው በዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ኖሯል።

የመልቀቂያ ፈተናዬን ከጨረስሁ በኋላ ከአጎቴ ጋር ወደ ወረባቦ ለመሄድ ተስማምተናል። በዚያ መንገድ ያለፉትንና እስከ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች እንጠይቃለን። እናገኘዋለን ብዬ አልምልም። የዶክተር ሁ ወዳጆችም መጋዘኑን ሁሉ የፈተሹት ይገኛል የሚል ዋስትና ይዘው አልነበረም።

እናንተ ጓደኞቼ ሆይ፣ በስልካችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ዛሬ ማታ ተመልከቱ። የአያቶቻችሁ ድምፅ ካለ በሁለት፣ ቢቻል በሦስት ስፍራ አስቀምጡት፤ ከሌለ ደግሞ ነገ ሳትሉ ቀርጹት። ፊልሙን አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ገዝቼ አገኘው ነበር፤ ሣጥኑ በየአገሩ ገበያ በብዙ ሺህ ታትሟልና። አያቴ ግን የታተመችው በአንድ ብቻ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሰማያዊ ሣጥን ብትኖረኝና ወደ 2012 ዓ.ም. ክረምት ብመለስ፣ ያን ወጣት «ቦታ ከሌለ ይቅር» ብዬው እወጣ ነበር። ሣጥኒቱ ግን የለችም፤ ያለው የወረባቦ መንገድ ነው።