ነጩ ነጠብጣብ

«ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ይሁን እንጂ ጠብታ ውሃ ድንጋይ መብሳት ብቻ ሳይሆን ድንጋይ ተሸክሞ የሚዞር መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። የድሬዳዋ ልጅ የሆነ ሁሉ ማስረጃውን ለማየት ከቤቱ መውጣት አያስፈልገውም፤ የእናቱን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ገልጦ ቢመለከት በውስጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት የተጋገረ ነጭ ነገር ያገኛል። እኔም በዘንድሮው መጽሔታችን ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ነጭ ነገር ነው፤ ይኸውም በማንቆርቆሪያ ሳይሆን በመኪና ላይ ሲቀመጥ ስለሚያመጣው ጣጣና ስለ መድኃኒቱ ነው። ርእሱ አነስተኛ መስሎ የታያችሁ አንባብያን እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ በመኪና ነጂነት ቤተ ሰባችንን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ ሐኪሙ ሌሊት መንዳት እንዲተዉ መከራቸው። እርሳቸውም ካሰቡበት በኋላ፥ «በደከመ ዓይን የሰው ነፍስ አልጭንም» ብለው፥ መኪናዋን ሸጠው በገንዘቡ አነስተኛ ሱቅ ለመክፈት ቈረጡ። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ሞተሯ ደኅና ነበር። ነገር ግን ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲኳ፥ ማለት የፓራውልቷ የታችኛው ክፍል፥ የስፔኪዮዋ እግርና በበሮቿ ጎን የተለጠፈው መከላከያ፥ ፈንጣጣ እንዳጠቃው ፊት በነጭ ነጠብጣብ ተሞልቶ ነበር።

አንድ ገዢ መጥቶ ዙሪያዋን አየና ጣቱን በነጠብጣቡ ላይ አሳርፎ፥ «ጋሼ፥ ይቺ መኪና ጎርፍ ገብቶባት የወጣች ናት፤ በዚህ ዋጋ አልገዛትም» አላቸው። ይህ ቃል በሌላ ከተማ ቢነገር ቀላል ይሆን ይሆናል። በድሬዳዋ ግን ጎርፍ የሚለው ቃል ከባድ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን የወሰደበትን ቀን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። አባቴ ለገዢው አንድ ቃል አልመለሱለትም፤ ማታ ግን ራት ሲቀርብ እጃቸውን አልዘረጉም። እናቴ ብትለምናቸው፥ «ዋጋው ይውረድ፥ ግድ የለኝም፤ አታላይ መባሌ ነው ያቃጠለኝ» አሏት።

እኔም በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ሳሰላስል፥ በኬሚስትሪ ክፍላችን የተማርነው ትምህርት ትዝ አለኝ። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ጥቂት አሲድነት ያገኛል። እንዲህ ሆኖ በኖራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ድንጋዩን እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። የከተማችን አካባቢ የኖራ ድንጋይ የሞላበት ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለበትም ምክንያት ይኸው ነው። ከጉድጓድ የምንቀዳው ውሃ ለዓይን ጥሩ መስሎ ቢታይም፥ በውስጡ የማይታይ ድንጋይ አለበት። ውሃው በፈላ ወይም በፀሐይ በተነነ ጊዜ ጋዙ ይወጣል፤ ድንጋዩ፥ ማለት ካልሲየም ካርቦኔት፥ ባለበት ይቀራል። እንግዲህ የማንቆርቆሪያውና የመኪናው ነጭ ነገር የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በፕላስቲኩ ላይ የሚብስበትም ምክንያት አለው። የመኪና ቀለም ልስልስ ስለሆነ ውሃው ይንሸራተታል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ ጠብታው በዚያ ይተኛና ሲደርቅ ኖራው ከጉድጓዱ ውስጥ ይጣበቃል። ጥቁርነቱም ነጩን አጉልቶ ያሳያል። መኪናችን ደግሞ ዘወትር የምትታጠበው በቀትር ፀሐይ ሲሆን፥ በጨርቅ ሳትደርቅ ነበር የምትወጣው።

በማግሥቱ ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኋቸው። «አባባ፥ ጎርፍ መስመር ያሰምራል እንጂ ነጠብጣብ አይረጭም። ጎርፍ የገባበት መኪና ከምንጣፉ ሥርና ከስኮርታው ማስቀመጫ ጭቃ ይገኝበታል» አልኋቸው። ምንጣፉን ገልጠን አየን፤ ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ሎሚ ቈርጬ በአንዱ ነጠብጣብ ላይ ብጨምቅበት ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ፈላ። አሲድ ካርቦኔትን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣልና ነው። አባቴም ጎንበስ ብለው፥ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲመለከቱ ቆዩና፥ «እንግዲያውስ በል፥ ጀምር» አሉኝ።

ጎረቤቶቻችን ምክር አልነፈጉንም። አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት አለ፤ ሌላው በቤንዚን እሹት፤ ሦስተኛው በብረት ሽቦ ፈግፍጉት አለ። ዘይቱ ነጠብጣቡን ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል እንጂ አያነሣውም፤ አቧራም ይሰበስባል። ቤንዚን ኖራን አያሟሟም፤ ከእሳት አደጋውም በላይ ፕላስቲኩን ሊጎዳ ይችላል። የብረቱ ሽቦ ደግሞ የማይድን ጭረት ይተዋል። ስለዚህ በራሳችን መንገድ ሄድን።

ሥራውን የጀመርነው ቅዳሜ ማለዳ፥ ፕላስቲኩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በጥላ ሥር ነው። በመጀመሪያ አቧራው እንዳይጭር በፈሳሽ ሳሙናና በውሃ አጠብሁት። ቀጥሎም አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅዬ፥ ቀለሙን ይለውጥ እንደሆነ ለማየት በማይታይ ጥግ ሞከርሁ። ደኅና መሆኑን ካየሁ በኋላ ጨርቅ ነክሬ በነጠብጣቡ ላይ ለጠፍሁና አምስት ደቂቃ ያህል ቆየሁ፤ እንዳይደርቅም ደጋግሜ አረጠብሁት። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በዝግታ አሽቼ፥ ብዙ ውሃ አፍስሼ፥ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁት። ይህ የመጨረሻው ነገር ዋና ነው፤ ያለቀለቅንበት ውሃ ራሱ ኖራ ስላለው፥ ካላደረቁት አዲስ ነጠብጣብ ይተክላል። አቼቶው በብረትና በቀለም ላይ እንዳይቆይም ተጠነቀቅሁ። አቼቶን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን ክፉ መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ፥ ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አልለቀቀም። የቈየው ኖራ ሦስት ጊዜ መደጋገምን ጠየቀ፤ የጸናውን በተጣራ የሎሚ ጭማቂ ጨረስሁት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል፤ ለእኔ ግን ስድስት ሎሚ ለመኪናችን ጌጥ በቃ።

ወደ ማታ ፕላስቲኩ ጠቈረ። በቀኝ በኩል ያለው መከላከያ ብቻ ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ብሩሹን ይዤ ደግሜ ስጠጋ አባቴ እጄን ያዙኝ። «ይሄኛው ውሃ ያመጣው አይደለም፤ ፀሐይ የበላው ነው። ዕድሜዋን ማጠብ አይቻልም፤ ተወው፥ ይታይ» አሉ። እውነትም ነበር፤ የፀሐይ ጨረር የፕላስቲኩን ገጽ ስለሚያፈርሰው፥ እንዲህ ያለውን ግራጫ አሲድ አይመልሰውም።

ከሳምንት በኋላ ያው ገዢ ተመልሶ መጣ። አባቴ ሳይጠየቁ ምንጣፉን ገልጠው አሳዩት፤ በግራጫው መከላከያም ላይ እጃቸውን አሳርፈው፥ «ይህ እርጅናዋ ነው፤ ሌላው የጉድጓድ ውሃ ነበረ» አሉት። ለማሳያ ያልነካሁት አንድ ነጠብጣብ ስለ ነበረ ሎሚውን ጨመቅሁበትና ሲፈላ አየው። ሰውየውም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «ጋሼ፥ ያለ ማወቅ ተናገርሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ዋጋው አባቴ ከጠየቁት ጥቂት ዝቅ፥ እርሱ ከሰጠው ብዙ ከፍ ብሎ ተስማሙ። አባቴ ግን በዚያች ማታ ደስ ያላቸው በገንዘቡ አይመስለኝም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ በክፍል ውስጥ «ይህ ትምህርት ምን ይጠቅመናል?» እያልን የምናጕረመርምበት ጊዜ ብዙ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር የኬሚስትሪ ቀመር ግን፥ ሎሚና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲታከልባት፥ የአንድን አባት ስም ከሐሜት ልታነጻ እንደምትችል እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ወላጆቻችንም ከእኛ ዘንድ የሚጠብቁት ትልቅ ነገር ብቻ አይደለም። የተማርነውን ይዘን ወደ ቤታችን ብንገባና በየጓዳው የተጋገረውን ችግር አንድ በአንድ ብናስለቅቅላቸው፥ ለትምህርት ያወጡልን ገንዘብና ድካም በከንቱ አልቀረም ማለት ነው።