ወደ ዮርክሻየር ለምትሄደው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ሥራሽን ለመጀመር ከለንደን ወደ ሊድስ የምትነሺበት ቀን ስለ ደረሰ፣ አባትሽ በስልክ ቢያወራው ግማሹ ተረስቶ የሚቀረውን ነገር በወረቀት ሊያሰፍር ተቀምጧል። ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ብርዱ እናትሽ ተናግራ ጨርሳለች። ለእሱ የተረፈው የሞተርሳይክሉ ጉዳይ ነው።

«ትራያል ልጀምር ነው» ያልሽ ዕለት ዘመድ ሁሉ «በሞተር ልትሽቀዳደም ነው» ብሎ ደንግጦ ነበር። ነገሩን ቢያውቁት ባልደነገጡ። ትራያል የሚካሄደው ድንጋይ በበዛበት ሸለቆ፣ በጭቃ፣ በወንዝ ወለልና በዛፍ ሥር ላይ ሲሆን ፍጥነቱ ከእግረኛ እርምጃ ብዙም አይበልጥም። መንገዱ «ሴክሽን» በሚባሉ አጫጭር ክፍሎች ይከፈላል። በየሴክሽኑ የቆመ ታዛቢ የሞተረኛውን እግር ይከታተላል። እግሩን ሳያወርድ የጨረሰ ዜሮ ያገኛል፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት የለም። አንዴ መሬት የነካ 1፣ ሁለቴ የነካ 2፣ ከዚያ በላይ ስንት ጊዜም ቢነካ 3 ይመዘገብበታል። የወደቀ ወይም ከተከለለው መስመር የወጣ 5 ይቆጠርበታል። ማታ ላይ ትንሹን ድምር የያዘ አሸናፊ ነው። በብዙ ክለቦች ደንብ ሴክሽን ውስጥ መቆም ራሱ 5 ያስቆጥራል፤ ሌሎቹ ደግሞ እግር እስካልወረደ ድረስ ባሉበት ሚዛን ጠብቆ መቆምን ይፈቅዳሉ። የዕለቱ ደንብ የትኛው እንደሆነ ጠዋት ምዝገባው ላይ ይጠየቃል።

ጀማሪ ሁሉ ነጥቡን ድንጋዩ ላይ የጣለው ይመስለዋል። አባትሽ ግን ሌላ ሐሳብ አለው፦ አብዛኛው ነጥብ የሚጠፋው ወደ ሴክሽኑ ከመግባት በፊት ነው። ቅዳሜ ማታ ያልታጠበው ፊልትሮ፣ እሑድ ጠዋት ያልተለካው ጎማ፣ በእግር ያልታየው መታጠፊያ፣ ሁሉም ዋጋቸውን የሚያስከፍሉት ታዛቢው ፊት ነው።

የምትሄጂበት አገር ይህን ስፖርት ከጥንት ያውቀዋል። በ1914 (እዚህ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የሞተርሳይክል ሠሪው አልፍሬድ አንገስ ስኮት ሺፕሊ ለነበረው ፋብሪካው ሠራተኞች ያዘጋጀው ውድድር፣ ዛሬም ስኮት ትራያል ተብሎ በስዌልዴል ሸለቆ ይካሄዳል። በእሱ ላይ ሰዓትም ስለሚቆጠር ከሌሎቹ ይለያል። ከሁሉ ፈጥኖ የጨረሰው ሞተረኛ ጊዜ መለኪያ ይሆንና፣ ሌላው በዘገየበት በየደቂቃው አንድ ነጥብ ይጨመርበታል። የጀማሪ ቦታ አይደለም፤ ዳር ቆሞ ለሚያይ ግን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ከሊድስ ብዙ የማይርቀው ሲልስደን ደግሞ በትራያል የታወቀው የላምፕኪን ቤተሰብ ከተማ ነው። የትራያል የዓለም ሻምፒዮና በ1975 ሲጀመር የመጀመሪያውን ድል የወሰደው ማርቲን ላምፕኪን ነበር። ልጁ ዱጊ ከ1997 እስከ 2003 በተከታታይ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1909 በተጀመረው በስኮትላንዱ የስድስት ቀን ትራያልም 12 ጊዜ አሸንፏል።

አባትሽ ግን ከሁሉ አስበልጦ የሚያነሳው የሰሜን አየርላንዱን ሳሚ ሚለርን ነው። ሚለር በ1957 በ250 ሲሲ የመንገድ ሽቅድምድም በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ የወጣ ፈጣን ሰው ነበር። ከዚያ ወደ ትራያል ዞሮ ከ1959 እስከ 1969 ለ11 ዓመት የብሪታንያን ሻምፒዮንነት ለማንም ሳይለቅ ያዘ። የሚጋልበው ባለ 500 ሲሲውን ኤሪየል ነበር። ሰሌዳው «ጂ.ኦ.ቪ. 132» የሆነችውን ያችን ከባድ ሞተርሳይክል ዓመት ከዓመት እየፈታ፣ እያንዳንዱን ክፍል እየቀነሰና እያቀለለ ለራሱ አካል ልክ አደረጋት። በ1964 የስፔኑ ሞተርሳይክል ፋብሪካ ቡልታኮ ጠራው። ወደዚያ ሄዶ ሸርፓ የተባለችውን ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተርሳይክል ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ሠራ፤ በማግስቱ ዓመት የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ውድድር በእሷ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ከባዱ ባለ አራት ምት የእንግሊዝ ሞተርሳይክል ዘመኑ አለፈበት። ሚለርን የተለየ ያደረገው መፍቻ ይዞ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው፤ ውድድር ቦታ የሚደርሰው አብዛኛውን ሥራ ጨርሶ ነበር።

«ለሴት ልጅ አይሆንም» ለሚሉት አክስቶችሽ የሚነገረው ስም ላያ ሳንዝ ነው። ባርሴሎና አቅራቢያ የተወለደችው ላያ በሴቶች ትራያል 14 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ የመጀመሪያው በ2000 ነበር። በ2015 በዳካር ራሊ በሞተርሳይክል ከወንዶቹ ጋር ተወዳድራ በአጠቃላይ ውጤት ዘጠነኛ ወጥታለች። በትራያል የተማረችው ሚዛን በረሃም ላይ አልከዳትም።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ።

ዘመናዊ የትራያል ሞተርሳይክል 70 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ መቀመጫ የሚባል ነገር የለውም፤ የነዳጅ ታንኩ ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ቢይዝ ነው። ቤታ፣ ጋዝጋዝ፣ ሸርኮ፣ ሞንቴሳ፣ ሁሉም ለጀማሪ የሚሆን ያገለገለ ሞተርሳይክል በገበያ አላቸው። ገዢ በቀለሙ እንዳይታለል። ከሞተሩ ሥር ያለውን የአሉሚኒየም መከላከያ ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ መቧጨሩ ያለ ነው፣ መሰንጠቁ ግን መጥፎ ምልክት ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቀው። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ከሾኩ ሥር ያሉት ኩሽኔታዎች አልቀዋል ማለት ነው። የሞተሩ ዘይት ነጥቶ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ፓምፑ ማኅተም ላይ ነው። አሮጌ ቡልታኮ ወይም ያማሃ ያምራል፤ ዕቃ ፍለጋው ግን የሰንበትን ልምምድ ይበላል።

የጎማ ንፋስ ከሁሉ ይቀድማል። አዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት ያደገ ሰው ጎማ ሲጠነክር ደስ ይለዋል፤ ትራያል ላይ ይህን ልማድ መተው ያሻል። የኋላው ጎማ ከ4 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ፣ የፊተኛው 6 አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የመኪና ጎማ 30 አካባቢ እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ጎማው እንዲህ ሲላላ ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል። ሁለት ፒ.ኤስ.አይ ቢጨመርበት እርጥብ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ቸርኬው ድንጋይ መትቶ ይጎብጣል። የነዳጅ ማደያ መለኪያ በዚህ ደረጃ አይታመንም። ለዝቅተኛ ንፋስ የተሠራ ጌጅ ያስፈልጋል፤ የሚለካውም ጎማው ከመኪና ወርዶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ነው። በሞቀ የሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የፊልትሮ ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። በቤንዚን ማጠብ የስፖንጁን ማጣበቂያ ያላቅቃል። ጭቃ ያፈነው ሞተር ቀስ ብሎ ሲነዳ ይንተፋተፋል፤ ሞተረኛውም ካርቡሬተሩን መነካካት ይጀምራል። የማርሽ ዘይቱ ግማሽ ሊትር አካባቢ ስለሆነና ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ቶሎ ቶሎ መቀየር አይጎዳም። ባለ ሁለት ምት ከሆነ በቤንዚኑ ውስጥ የሚገባው የዘይት መጠን ከፋብሪካው መጽሐፍ ይነበባል፤ የጎረቤት ምክር አይበቃውም።

አንድ ነገር በተለይ ይያዝ። በአንዳንድ ሞተርሳይክሎች የፍሪሲዮኑ ፈሳሽ የማዕድን ዘይት፣ የፍሬኑ ደግሞ ዶት 4 ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ የውስጥ ጎማዎቹ ያብጡና ፍሬኑ ወይም ፍሪሲዮኑ ይበላሻል። የትኛው እንደሚገባ ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ከመክፈት በፊት ማንበብ ነው።

ሲታጠብም ብልሃት አለው። የግፊት ውሃ ጭቃውን ሲያወርድ ኩሽኔታ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ ከመሪው አንገት፣ ከጎማዎቹ መሐልና ከሾኩ ሥር ይራቅ፤ የማርሚታው አፍ ይደፈን። ከታጠበ በኋላ ካቴናው ይቀባ፣ ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች መሪው ላይ ድርቅ ብለው መጥበቅ የለባቸውም፤ ሲወደቅ ዞር ካሉ አይሰበሩም። ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰረው የማግኔት ማጥፊያም ከመነሳት በፊት በየጊዜው ይሞከር። ሞተረኛ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋለት እሱ ነው።

እሑድ ሲደርስ ሞተርሳይክሉ ሴክሽኑ አፍ ላይ ይቁም፤ ሞተረኛው በእግሩ ይሂድ። ታዋቂዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። የኋላው ጎማ የት ሊያርፍ እንደሚችል፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚንቀሳቀስ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ምን እንዳለ ያያሉ። ከፊት የገባውን ሰው አካሄድ ማየት ይጠቅማል፤ እሱ በሄደበት ሁሉ መሄድ ግን ግዴታ አይደለም፤ ድንጋዩ ከሱ በኋላ ረጥቦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ቆሞ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ክብደትን እግር መርገጫው ላይ ጥሎ፣ አንድ አንድ ጣት ፍሪሲዮንና ፍሬን ላይ አድርጎ መግባት። ዓይን ከፊት ጎማው ፊት አልፎ ይመልከት። ልምምዱም ከትልቅ ድንጋይ አይጀመርም። ሜዳ ላይ መሪውን እስከ ዳር አዙሮ፣ በመጀመሪያ ማርሽ፣ በጠባቡ ክብ መዞር የትራያል ፊደል ነው።

ሌላው የክለቡ ነገር ነው። በእንግሊዝ የትራያል ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ መሬት ነው፤ በር ከፍቶ ያልዘጋ ሰው በጎች ይበትናል፣ ክለቡም መሬቱን ያጣል። ታዛቢዎቹም ደመወዝ የላቸውም፤ ዝናብ እየመታቸው በፈቃዳቸው ይቆማሉ። ስለዚህ አባትሽ የሚለው ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን እሑድ ሞተርሳይክልሽን ቤት ተዪውና ለታዛቢነት ተመዝገቢ። አንድ ሴክሽን ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ብዙ ሰው ሲያልፍ ያየ፣ ማን ለምን እግሩን እንዳወረደ በደንብ ይገባዋል።

አባትሽ የንፋስ ጌጁን ከካፖርትሽ ጋር ሻንጣሽ ውስጥ አስገብቶልሻል፤ የኩሽኔታ ግራሶውም አለ። የምትገዢው ሞተርሳይክል እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ ከኋላው ሾክ ሥር ያለውን ፍቺና ፎቶ ላኪ። ኩሽኔታዎቹ ዝገው ከሆነ ቁጥራቸውን ጻፊለት፤ አባትሽ ከለንደን ፈልጎ በፖስታ ይልካል።

እግዚአብሔር ይከተልሽ።

አባትሽ