ግለ ሂስ፤ ስለ አንድ ታንከር ውኃ



በፈተናው ሰሞን በምንኖርበት ሕንፃ ሦስት ጓደኞቻችን ተከታትለው በተቅማጥ ወደቁ። ምግብ አብረው አልበሉም፤ የሚጠጡት ግን ሁሉም ጣሪያ ላይ ካለው የ1000 ሊትር ታንከር ነው። እዚህ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ውኃው ከከተማው መሥመር ክሎሪን ይዞ ቢመጣም ጣሪያ ላይ በፀሐይ ሲሞቅ ከርሞ ክሎሪኑ ያልቅበታል። እኛም የሕክምና ተማሪዎች ነንና ነገሩን በሳይንስ እንፈታዋለን ብለን ተነሣን።

የመመርመሪያው ክኒን ዲ.ፒ.ዲ. ይባላል። ፓሊን የተባለው እንግሊዛዊ የውኃ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋወቀው ሲሆን፥ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ኦርቶቶሊዲንን ተክቷል። ኦርቶቶሊዲን ውኃውን ቢጫ ያደርግ ነበር፤ ካንሰር ያመጣል ተብሎም ይፈራል። የዲ.ፒ.ዲ. አሠራር ቀላል ነው። 10 ሚሊ ሊትር ውኃ በብልቃጥ ይቀዳል፤ ክኒኑ በጣት ሳይነካ ይጨመርና ይፈጫል፤ ነጻ ክሎሪን ካለ ውኃው ወዲያው ሮዝ ይሆናል። ሮዙ በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ በዝቷል ማለት ነው፥ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ከመመሪያው ላይ አላነበብናትም።

የታንከሩ ውኃ ክኒኑ ሲገባበት ጥርት እንዳለ ቀረ። ክሎሪን የለም። ግማሽ ሊትር በረኪና ጨመርን፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ለካን። ሮዙ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «አሁንም የለም» አልንና ሌላ ግማሽ ሊትር ደፋንበት። በዚህኛው ጊዜ ብልጭታውም አልታየም።

ሕንፃውን የሚያጸዱት የአገራችን ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን እትዬ እንላቸዋለን። ባልዲያቸውን ሞልተው ሲመለሱ ዓይናቸው እያነባ ነበር።

«ልጆች፥ ይህ ውኃ በረኪና በረኪና ይሸታል» አሉን።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተን አሳየናቸው። «እትዬ፥ ምርመራው የለም ይላል።»

ብልቃጡን አዩ፤ እኛን አዩ። «ምርመራውስ ይበል፤ እናንተ አፍንጫ የላችሁም?» ብለው ባልዲውን ደፍተው ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ክሎሪን ከልክ ሲያልፍ ራሱ ያመጣውን ቀለም መልሶ ያነጣዋል። በረኪናስ ሥራው ማንጣት አይደለምን? ስለዚህ ጥርት ያለ ብልቃጥ ወይ ምንም የለም ይላል፥ ወይ እጅግ በዝቷል ይላል። ይበልጥ ያሳፈረን ግን ይህንኑ በሌላ መልክ መማራችን ነው። በዚህ አካባቢ ካልተፈላ ወተት በሚመጣው በብሩሴላ በሽታ ምርመራ፥ በደሙ ውስጥ ፀረ አካሉ በጣም ሲበዛ ምርመራው «የለም» ብሎ ያታልላል፤ ሴረሙን አቅጥናችሁ ድገሙ ተብለን ለፈተና ሸምድደነዋል። ከደብተር ወደ ጣሪያው ግን አልወጣም።

ከታንከሩ 0.5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቀድተን በዲስትልድ ውኃ እስከ 10 ሞላነውና ለካን። ደማቅ ሮዝ። ንባቡ 2፤ በ20 ሲባዛ በሊትር 40 ሚሊ ግራም! የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን 5 ሲሆን፥ በቧንቧው ጫፍ የሚጠብቀው ቢያንስ 0.2 ነው። ስሌቱን የሠራነው ከዚያ በኋላ ነው። ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ፥ በ1000 ሊትር ላይ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ለመጨመር የሚያስፈልገው 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ አንድ ሊትር ሙሉ ደፋን። ውኃ በቦቴ በሚገዛበት ሰፈር ታንከሩን ሙሉ ለቀቅነው።

ይህን በአደባባይ የምናወራው መሳቂያ ለመሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች ክልሎች መዛመቱ ይታወቃል። ከመካከላችን ተመርቆ የሚገባ ሐኪም ይህን ክኒን በኪሱ ይዞ በአንድ ጉድጓድ ወይም በአንድ መጠለያ ቦቴ አጠገብ መቆሙ አይቀርም፤ እዚያ ቆሞ «ጨምሩበት» ወይም «ይበቃል» የሚለው እሱ ነው።

በሳምንቱ አርብ እትዬ ከሌሎች እኅቶቻችን ጋር ከሚኖሩበት ቤት ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። አስቀድመን አሸተትን፤ ምንም። ለካን፤ ጥርት ያለ። አቅጥነን ደገምን፤ አሁንም ጥርት ያለ። እውነትም የለውም። በረኪናው ቤታቸው ነበር፤ እኛ ሲሪንጁን ይዘን ተከተልናቸው።