«አላውቅም» ስንት ሰዓት ነው?

ነገሩ የጀመረው በምርምር ዘዴ ኮርስ ነው። መምህራችን በቡድን ከፋፈሉንና «ስለ ሬዲዮ አድማጭ መጠይቅ አዘጋጁ፣ ሰው ጠይቁ፣ በኮምፒውተር ተንትናችሁ ጽሑፍ ይዛችሁ ኑ» አሉን። ቡድናችን ደዶን መረጠ። እኔ የደዶ ልጅ ነኝ፣ ከጅማ ሩቅ አይደለም፣ ማደሪያም አለን። ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከወረዳው 288,457 ነዋሪ ውስጥ ከተሜው 6,486 ብቻ ነበር፤ ስለ ገጠር አድማጭ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልታየንም።

ከጥያቄዎቻችን አንዱ «በሳምንት ስንት ሰዓት ሬዲዮ ያዳምጣሉ?» የሚል ነበር። «አላውቅም» ላለ ሰው 99 እንድንጽፍ ተስማማን። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው ተብለን ነበር፤ እውነትም ነው። የምንጠይቀው በኦሮምኛ ስለነበር ጓደኞቼ ቶሎ የለመዷት ቃል «ሂን ቤኩ» ሆነች። አላውቅም ማለት ነው።

ተመልሰን መልሱን ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አስገባን። በምድብ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ማውጣት ለካ የደቂቃ ሥራ ኖሯል። «አናላይዝ»፣ «ኮምፔር ሚንስ»፣ «ሚንስ»፤ የሚለካውን (ሰዓቱን) በላይኛው ሳጥን፣ የሚከፋፍለውን (ጾታውን) በታችኛው ሳጥን ታስገባና «ኦኬ» ትላለህ። አማካይ፣ የሰው ብዛትና መደበኛ ልይይት ተደርድረው ይመጣሉ። መጀመሪያ በቀበሌ ሞከርነው። አንዱ «ሸኪ» ሌላው «ሼኪ» ብሎ ስለጻፈ ማሽኑ አንዱን ከተማ ሁለት አደረገብን። ሳቅንና አስተካከልን። ስህተታችን ያ ብቻ መስሎን ነበር።

ከዚያ በጾታ። የሴቶቹ አማካይ የወንዶቹን እጥፍ ድርብ በልጦ ቁጭ አለ! «ይሄ እኮ ዜና ነው!» አለች ጓደኛዬ። እኔም አላመነታሁም፤ «የደዶ ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ሬዲዮ ያዳምጣሉ» የሚለውን ርዕስ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ማታ ተኝቼ ግን አላስችል አለኝ። እኛ ቤት ሬዲዮው ያለው አባቴ ራስጌ ነው። ድንጋይ የሚገዛው እሱ፣ የሚከፍተው እሱ፣ «ድንጋዩ አለቀ» ብሎ የሚዘጋውም እሱ። እናቴ ሬዲዮ ስትከፍት ያየሁበትን ቀን ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ። ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሰዓታት ከየት መጡ?

ጠዋት መጠይቆቹን አወጣሁ። የአክስቴን (እኛ «አዳዳ» ነው የምንላት) ራሴ ነበርኩ የሞላሁት፦ 99። ቀጥሎ ያለችው ጎረቤቷም 99። ሴቶቹን ገለጥኩ፤ 99፣ 99። ማሽኑ ለካ 99ን ዘጠና ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ቆጥሮታል። ምን ያድርግ፣ «አላውቅም» ማለት መሆኑን ማን ነገረው? በሳምንት 168 ሰዓት ስላለ ደግሞ 99 ያን ያህል ዓይን አይወጋም። ለዕድሜ ቢሆን 999 ብለን ወዲያው እንነቃ ነበር።

ለምሳሌ አምስት ሴቶች 0፣ 2፣ 4፣ 99፣ 99 ቢሉ አማካዩ 40.8 ይሆናል። ሁለቱን 99ዎች ስታወጣ 2 ብቻ ነው። መካከለኛውን ቁጥር ብንጠይቅ 4 ይለን ነበር፤ ትልቁን ብንጠይቅ ደግሞ 99 ብሎ ራሱ ያጋልጥ ነበር። ሁለቱም «ኦፕሽንስ» የሚለው ውስጥ አሉ፣ አልነካናቸውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ቫሪያብል ቪው» ውስጥ «ሚሲንግ» በሚለው ዓምድ 99ን ማስመዝገብ። ስታታ ለሚጠቀሙ «ኤምቪዲኮድ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከዚያ «ታብስታት»።

አስተካክለን ስናወጣው ወንዶቹ በለጡ። ርዕሴን ሰረዝኩ። ጓደኞቼ «በቃ፣ አለቀ» አሉ። እኔ ግን የሰው ብዛት የሚለውን ዓምድ ሳየው የሴቶቹ ረድፍ ሳስቷል። መጀመሪያ ዝም ያሉትን እንደሚያዳምጡ ቆጠርናቸው፤ አሁን ደግሞ ከነጭራሹ አወጣናቸው። ተከራከርን፣ ትንሽም ተኮራረፍን። በመጨረሻ ሌላ ሰንጠረዥ ጨመርን፦ «አላውቅም» ያሉ፣ በጾታ። ለእኔ ዋናው ዜና እሱ ነበር።

በኋላ ነው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳውን መጠይቅ ያየሁት። እነሱ ሰዓት አይጠይቁም። «በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ያነሰ፣ ወይስ ጭራሽ?» ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ዳሰሳ 74 በመቶ ሴቶችና 62 በመቶ ወንዶች ጋዜጣም፣ ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም በሳምንት አንዴ እንኳ እንደማያገኙ የታወቀው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። እጃችን ላይ የነበረ ነገር! ሳንፈልገው ወጣን።

ለእረፍት ስሄድ አዳዳን አገኘኋት። ቡና እየቆላች ነበር። ለምን አላውቅም እንዳለችኝ ጠየቅኳት።

«ሰዓቱን በምን ልቁጠረው ልጄ? እሱ ይከፍታል፣ እሱ ይዘጋል። እኔ ስወጣ ስገባ ነው የምሰማው።»

«እሺ፣ ትናንት ማታ ተከፍቶ ነበር?»

«ነበር» አለችና ሬዲዮው ስለ ቡና ዋጋ ያወራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። የሳተችው ነገር ካለ እንዲያርማት ወደ ባሏ ዞር አለች። እሱ ተኝቶ ነበርና አልሰማም።