በፎጣ የተጠቀለለው ካሜራ

ባለቤቴ ካሜራውን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ የገባው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ፎጣው የእኔ ነበር። ገንዘቡም ቢሆን የሁለታችን ነው፤ ለቤታችን ወለልና ኮርኒስ ብለን ሁለት ዓመት ያጠራቀምነው። ሁለታችንም መምህራን ነን። በፍኖተ ሰላም በመምህር ደመወዝ ገንዘብ ማጠራቀም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋጋውን ሲነግረኝ አልጮኽሁም፤ እራቱን አቅርቤለት ተኛሁ። ከተጋባን ጀምሮ ሳንጸልይ የተኛንበት የመጀመሪያው ሌሊት ያ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እብደቱን የጀመረችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ለገናና ለትንሣኤ ድራማ ጻፍልን እያሉ አለማመዱት። ከዚያ የሠርግ ቪዲዮ ከሚቀርጽ ወንድም ካሜራ ተውሶ የሰባት ደቂቃ ፊልም ሠራ፤ ዕዳውን ከሚስቱ ስለ ደበቀ ሰው የሚናገር። (ጌታ ቀልድ ያውቃል።) ሁለተኛው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ስለ ሁለት እረኞች። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጠላ ወጥረን ስናሳይ እናቶች አለቀሱ። ፊልም ቤት መግባት በኃጢአት በሚቆጠርበት ዘመን ያደጉ አንድ ሽማግሌ እንኳ «ይሄን ድገሙት» አሉ። አሁን ግን የሚፈልገው ሙሉ ፊልም ነበር፤ ቡሬ አጠገብ በርበሬ የሚያመርቱ፣ በመሬት የተጣሉ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ።

እኔ ስለ ኃይሌ ገሪማ ማንበብ የጀመርሁት ባለቤቴን በክርክር ለመርታት ነው። «እነርሱ አሜሪካ ሆነው ነው፤ አንተ ማን ነህ?» ልለው ፈልጌ። ነገሩ እንዳሰብሁት አልሆነም። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ ጸሐፊና ተውኔት ደራሲ ነበሩ። በ1967 አሜሪካ ሄዶ መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ ከዚያም ሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። በ1971 «አወር ግላስ»ን፣ በ1972 «ቻይልድ ኦቭ ሬዚስታንስ»ን ሠራ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ከዚያ ገና ተማሪ ሳለ በ1974፣ አገሩ በአብዮት ስትናወጥ፣ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር መጥቶ በትምህርት ቤት ዕረፍቱ በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን ቀረጸ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ ተዋናዮቹም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በ1976 ወጥቶ ሎካርኖ ላይ ተሸለመ። የትምህርት ቤት ዕረፍት! ይህችን ቃል ሳነብ ክርክሬ ግማሹ ወደቀ።

ባለቤቴ ፊልሙን በፍላሽ አገኘውና አማቴ ቤት ገጠር ወስደን በላፕቶፕ አየነው። ባለ ርስቱ ደጅ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ጭሰኞቹን ሲሳደብ አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የእኛ አገር አይደለም። እኛ ርስተኞች ነበርን፤ የጎጃም ገበሬ በ1960 ለእርሻ ግብር ሲባል የተነሣውም መሬቱ የራሱ ስለሆነ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ድምፁን ግን አውቀዋለሁ» አሉና ዝም አሉ። የማን ድምፅ እንደሆነ አልነገሩንም፤ ልጃቸውም አልጠየቀም። በመጨረሻው ላይ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ባለ ርስቱን ሲገድለው እኔ አልተስማማሁም። ሮሜ 12ን የሚያነብ ሰው ሊስማማ አይችልም። የባለቤቴ ታሪክ ሌላ መጨረሻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው ብዬ ተናገርሁ። ስለ ፊልሙ «የባለቤቴ» ሳይሆን «የእኛ» ማለት የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ልቤን ይበልጥ የነካው ግን የኋላው ታሪክ ነው። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያልቅ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ታጣ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና፣ እርስዋም ፊልም ሠሪ ናት፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከተማ ለከተማ ራሳቸው አሳዩት። «ጤዛ»ን ለመጨረስ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ። የሌላ ሰው ትዳር ውስጥ ገብቼ አላውቅምና ብዙ አልልም። ያን ሁሉ ዓመት ግን ገንዘቡ በስውር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አብረው ይቆሙ ነበር? ለባለቤቴ እንዲህ አልሁት፦ «ካሜራ መግዛትህን ይቅር ብዬሃለሁ። በፎጣ መጠቅለልህን ግን ገና አልቻልሁም።»

አለቀሰ። ከዚያ ደብተር ገዛን። የሁለታችን ፊርማ ሳያርፍበት አንዲት ብር አትወጣም። መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ኮርኒሱ፣ የተረፈው ለፊልሙ። እርሱ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ፈልጎ ነበር፤ አልፈረምሁም።

በ2012፣ በ2014 እና በ2015 በየዓመቱ በጥር የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ቀረጽን። በርበሬው ተለቅሞ በየደጁ ቀይ ስጥ የሚሆንበት ወቅት ነው። መንገዱ በማንኩሳ ያልፋል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ በሚጀምርባት። ባለቤቴ በእያንዳንዱ ጉዞ እዚያች ስንደርስ ይህንኑ ይነግረኛል፤ እኔም በእያንዳንዱ ጉዞ እንዳልሰማ ሰው እገረማለሁ። ታላቁን ወንድም ሆነው የተወኑት አማቴ ናቸው። እኔ ለኮርኒስ የገዛነውን ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨት ወጥሬ ብርሃኑን ፊታቸው ላይ እመልሳለሁ። «እታለም፣ ዓይኔን አጠፋሽው እኮ!» ይሉኛል። የበርበሬው ብናኝ እያስነጠሰን ስንት ቀረጻ ተበላሸ!

የቀረን የዕርቁ ቀን ብቻ ነበር። በነሐሴ 2015 በክልላችን ግጭት ተነሣ፤ ሰው በደኅና መውጣት መግባቱ በራሱ የጸሎት ርእስ ሆነ፤ ቀረጻውም ቆመ። ሁለቱ ወንድማማቾች በፊልሙ ውስጥ ገና አልታረቁም። አማቴ ባገኙን ቁጥር «መቼ ነው የምታስታርቁኝ? እያረጀሁ ነው» ይላሉ። አቡጀዲው ከአልጋችን በላይ ተሰቅሏል፤ አንዱ ጥግ በበርበሬ ቀልቶ ታጥቦም አልለቀቀም። ካሜራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ፎጣዬን ግን መልሼ ወስጃለሁ።