ሞተሩ አልሞተም፣ መጋጠሚያው ነው

በጋ ሲመጣ በፎገራና በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በጣና ዳር ባሉ የሽንኩርት ማሳዎች አንድ የተለመደ ነገር ይታያል። የውሃ ሞተሩ ይጮኻል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ውሃው ግን ይቆራረጣል። ገበሬው «ሞተሩ ሞተ» ብሎ ጭኖት ወደ ከተማ ይሄዳል። ሽንኩርቱ ግን ጥገና እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያ ነው። በመግፊያው በኩል የላላ መጋጠሚያ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ ይታያል። በመሳቢያው በኩል ግን ውሃ አይወጣም፣ አየር ይገባል። ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በባሕር ጠለል ላይ ፓምፕ ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ሲስብ፣ እዚህ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ትንሽ አየር ብዙ ያጎድላል።

መላው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ መቀባት፤ አረፋውን ወደ ውስጥ የሚስበው ጥፋተኛው ነው። የቱቦውን ጫፍ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ እስከ መጨረሻው ማስገባት፣ በሽቦ ሳይሆን በፋሸታ ማጥበቅ።

ለገበሬ ሞተር ሲታደል በዜና ይነገራል። አብሮት ሁለት ፋሸታና የግማሽ ቀን ማሳያ ቢጨመር ግን ብዙ ቤንዚንም ብዙ ሽንኩርትም ይተርፋል።